ካርዱን አውጡና አብረን እንየው፦ «ልጆቻችንን ዝም ያሰኘው ክትባቱ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ እስከ ወልዲያ ከስልክ ስልክ እየተላለፈ የሚነበብ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈበትም። ሲጠቃለል የሚለው ይኸው ነው፦ ድሮ ወሎ ውስጥ ኦቲዝም የሚባል አልነበረም፤ ይዞት የመጣው ክትባት ነው፤ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ነገሩን ደርሶበት አፉን አዘጉት፤ ብልቃጡ ውስጥ ሜርኩሪና አሉሚኒየም አለ፤ አሜሪካ ካሳ ከፍላለች፣ አሁን ደግሞ በይፋ አምናለች፤ ስለዚህ ወላጅ የ15 ወሩን መርፌ ያስቀር፣ የተከተበውንም ልጅ «መርዙን ያውጣለት»።

አማርኛው ያማረ ነው፤ የተዛመተውም ለዚህ ነው። ሆድ የሚያባባ ቦታም አለው፦ ሲጠሩት እየሳቀ ይመጣ የነበረ፣ «እማ» ማለት የጀመረ ልጅ ቀስ በቀስ ዝም ሲል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲሸሽ፣ የጠርሙስ ክዳን እያሽከረከረ ሲውል ይተርካል። እንዲህ የሚሆኑ ልጆች አሉ፤ እናቶቻቸውም የሚናገሩት ያዩትን ነው። ሙግታችን ምክንያቱ ላይ ነው። በተራ እንሂድበት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን ዓ.ም. እንጨምርበታለን።)

ከእንግሊዛዊው ሐኪም እንጀምር፤ የቀረው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና። አንድሩ ዌክፊልድ በፌብሩዋሪ 1998 ከ12 ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ። የተመረመሩት ልጆች 12 ነበሩ። ደሴ ውስጥ በአንድ የክትባት ቀን ጠዋት ብቻ ከዚያ የሚበልጥ ልጅ ወረፋ ይይዛል። የ8ቱ ልጆች ጠባይ የተለወጠው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ የሚባለው) ቅልቅል ክትባት ከተሰጣቸው ወዲህ ነው ተባለ፤ ማስረጃው ይኸው ነው። ለማነጻጸሪያ የቀረበ ያልተከተበ ልጅ የለም። ጽሑፉ ራሱ «ግንኙነቱን አላረጋገጥንም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረው። ዌክፊልድ ግን ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ይህ ቅልቅል ክትባት ይቁም፣ ሦስቱ ለየብቻ በየጊዜው ይሰጡ አለ።

ከዚያ በኋላ ብራያን ዲር የተባለ ጋዜጠኛ ለዓመታት መዝገብ ሲያገላብጥ ኖረ። ያገኘው እንዲህ ነው፦ ከ12ቱ ልጆች 5ቱ ገና ሳይከተቡ በፊት የዕድገት ሥጋት ተመዝግቦባቸው ነበር። ተናግረው ተጫውተው ድንገት ወደ ኋላ ተመለሱ ከተባሉት 9 ልጆች 3ቱ ጭራሽ ኦቲዝም አልነበረባቸውም። ዌክፊልድ ክትባት አምራቾቹን ሊከስስ ከተዘጋጀ ጠበቃ በኩል ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ ተከፍሎታል። ጽሑፉ ሊወጣ ሲል በ1997 ደግሞ ለራሱ የኩፍኝ ክትባት የፈጠራ መብት ጠይቋል። በልጁ የልደት ግብዣ ላይ ከመጡ ሕፃናት ለእያንዳንዳቸው 5 ፓውንድ እየከፈለ ደም ያስቀዳም ነበር። በ2004 ከ13ቱ ጸሐፊዎች 10ሩ ከድምዳሜው ራሳቸውን አወጡ። ላንሴት በፌብሩዋሪ 2010 ጽሑፉን ሰረዘው፤ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የእንግሊዝ የሐኪሞች ምክር ቤት ስሙን ከመዝገብ ፋቀው። አፉን አዘጉት የሚለውስ? ሰውየው አሜሪካ ገብቶ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰበከ፣ በ2016 ፊልም ሠራ። አፉ የተዘጋ ሰው አይመስልም።

እዚህ ላይ የልጃችሁን የክትባት ካርድ አውጡ።

እንደተወለደ የሳምባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ። በ45 ቀን፣ በሁለት ወር ተኩል፣ በሦስት ወር ተኩል ፔንታቫለንት፤ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት ቫይረስ ቢንና ሂብ የሚባለውን ተህዋስ ባንድ መርፌ የሚከላከለው ነው። አብረውት የሳምባ ምች መከላከያውና ጠብታዎቹ አሉ። በ9 ወር ኩፍኝ። በ15 ወር ሁለተኛው ኩፍኝ። አሁን ጆሮ ደግፍ የሚል መስመር ፈልጉ። የለም። ዌክፊልድ የከሰሰው የሦስቱ ቅልቅል ነው፤ በመደበኛው ክትባታችን ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው ግን የኩፍኙ ለብቻው ነው። በሌላ አነጋገር የወሎ ልጅ ሲወጋ የኖረው ዌክፊልድ ራሱ «ይህ ይሻላል» ብሎ የመከረውን ዓይነት ነው። ጸሐፊያችን የሰውየውን ክስ ይዞ የመጣው ተከሳሹ በሌለበት አገር ነው።

«እንግዲያስ ቅልቅሉ ላይ እውነት ቢሆንስ? ነገ የተደባለቀው ወደ እኛ ቢመጣስ?» ለሚል አንባቢ ደግሞ መልሱ በቁጥር አለ። ዴንማርክ ውስጥ ከ1999 እስከ 2010 የተወለዱ 657,461 ልጆች ተከታትለው ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2019 ወጣ። ከነሱ 6,517ቱ ኦቲዝም ተገኘባቸው። ከ31 ሺህ በላይ የሚሆኑት ቅልቅሉን ያልተከተቡ ስለነበሩ፣ ዌክፊልድ ያላደረገው ማነጻጸር ተደረገ። በተከተቡት ላይ ኦቲዝም አልበዛም። ታላቅ ወንድማቸው ወይም እህታቸው ኦቲዝም ያለባቸው፣ ማለትም በዘር የተጋለጡ ልጆች ተለይተው ሲታዩም አልበዛም። ጃፓን ደግሞ በራሷ ምክንያት ቅልቅሉን በ1993 አቆመች፤ ዮኮሐማ ከተማ ላይ ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ሲጠኑ ኦቲዝም እየጨመረ ሲሄድ ተገኘ። መርፌው ቀርቶ ነገሩ ከቀጠለ መርፌው ምን አደረገ?

ጽሑፉ ላይ ጠንካራው ነጥብ የጊዜው መገጣጠም ነው፤ «በ15 ወሩ ተከተበ፣ በ17 ወሩ ዝም አለ»። ይህን ቶሎ ማለፍ አይገባም፤ እናትን የሚያሳምናት ይህ ነውና።

ስሌቱን አብረን እንሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት የሚል ነው። 10 ሺህ ልጆች በ15 ወራቸው ተከተቡ እንበል። ከነሱ ወደ 79 የሚሆኑት ኦቲዝም ያለባቸው ናቸው፤ ቢከተቡም ባይከተቡም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች በግምት አራተኛው እጅ የያዙትን ቃል ወይም ጨዋታ ያጣሉ፤ ይህም በአብዛኛው የሚታየው ከ15 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው። የ79 አራተኛ 20 ገደማ ነው። እነዚህ 20 ልጆች በዘጠኝ ወር ውስጥ ሲበተኑ በየወሩ ሁለት ሁለት ይደርሳል። እንግዲህ ለ10 ሺሁም ልጆች ንጹሕ ውሃ ብንወጋላቸው እንኳ በመጀመሪያው ወር ሁለት እናቶች «ከመርፌው በኋላ» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የቀሩትን 9,998 ግን ማንም ጽሑፍ አይጽፍላቸውም።

ምልክቱ የሚጀምረው እናት ከምታስታውለው ጊዜ ቀድሞ መሆኑም ይታወቃል። ኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው ልጆች የመጀመሪያ ዓመት ልደታቸው ላይ የተቀረጹ የቤት ቪዲዮዎች ሲታዩ፣ ያኔውኑ ስማቸው ሲጠራ ዞር አይሉም፣ በጣታቸው አያመለክቱም፣ ፊት አያዩም ነበር። በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ ሌሎች ሰዎችን ዓይን ለዓይን የማየት ልማድ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ መቀነስ እንደሚጀምር አሳይቷል። በ2019 አምስት አገሮችን ያካተተ፣ 2 ሚሊዮን ሰው የተቆጠረበት ጥናት ለኦቲዝም መለያየት 80 ከመቶ ገደማውን ድርሻ ለዘር ውርስ ሰጥቷል። ይህን ስንል እናትን ከክትባት ነጻ አውጥተን በዘሯ ልንከስሳት አይደለም። ዘር የሁለት ወገን ነው፣ ደግሞም ወንጀል አይደለም።

«ድሮ አልነበረም» የሚለውን ለመመለስ ረጅም ወግ አያስፈልግም። ሊዮ ካነር 11 ልጆችን ገልጾ ኦቲዝምን የሕክምና ስም የሰጠው በ1943 ነው፤ የኩፍኝ ክትባት በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1963። ልጆቹ ክትባቱን በ20 ዓመት ቀደሙት። በእኛም አገር ልጁ ነበረ፤ ያልነበረው ስሙ ነው። ለክፎት ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዛር ነው፣ የእናቱ እርግዝና ላይ የሆነ ነገር ነው ይባል ነበር። አንዱ ጠበል ይወሰድለት፣ ሌላው ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ይደረግለት ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጓዳ ይገባል። ጓዳ የገባን ልጅ ማን ይቆጥራል? አሜሪካ ውስጥ በ2000 ከ150 ልጆች አንዱ የነበረው በ2022 ከ31 አንዱ የደረሰው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ነው፦ መለኪያው ሰፋ፣ መመርመር በዛ፣ ቀድሞ «ዘገምተኛ» ተብሎ የተጻፈው ልጅ በስሙ ተጻፈ። አዲስ አበባ ላይ ዘሚ የኑስ ለኦቲዝም ልጆች ማዕከል ከፍተው በሚዲያ ደፍረው መናገር ከጀመሩ ከ2002 ወዲህ በእኛም ቤት የሆነው ይህ ነው።

ወደ ብልቃጡ እንግባ። «ሜርኩሪ አለ» ሲል ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል፣ ሌላው ግማሽ ግን ክሱን ያፈርስበታል። እንዲቀር የመከረው የ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ውስጥ ሜርኩሪ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ክትባቱ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ነው፤ ሜርኩሪ ያለበት መከላከያ ቢጨመርበት ቫይረሱ ይሞትና ክትባቱ ከንቱ ይሆናል። ታዮመርሳል የሚባለው ኬሚካል የሚገባው ለብዙ ልጅ በሚያገለግሉ አንዳንድ ብልቃጦች ውስጥ ነው፤ የፔንታ ብልቃጥ ከነዚህ ሊሆን ይችላል። መጠኑ ለአንድ ልጅ ግማሽ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ25 ማይክሮግራም የሚበልጥ ሜርኩሪ አይኖረውም። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ለምን ተጨመረ? በጃንዩዋሪ 1928 አውስትራሊያ፣ ባንደበርግ በተባለች ከተማ መከላከያ ኬሚካል ከሌለው አንድ ብልቃጥ የዘጊ አናዳ ክትባት እየተቀዳ 21 ልጆች ተወጉ፤ በተደጋጋሚ መርፌ ሲገባበት ተህዋስ ገብቶ ረብቶበት ነበርና 12ቱ ሞቱ። ለታዮመርሳል ዓይነቱ መከላከያ መግባት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሰውን የሚመርዘው፣ በዓሣ የሚመጣው ሜርኩሪ ሜታይል ሲሆን በደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። የታዮመርሳሉ ኤታይል ነው፤ ግማሹ በሳምንት ውስጥ ይወጣል። የስማቸው መቀራረብ አያታልላችሁ፤ አረቄ ውስጥ ያለው ኤታኖልና ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖልም በስም ጎረቤት ናቸው። አሜሪካ ለጥንቃቄ ስትል በ2001 ከሕፃናት መደበኛ ክትባት አስወጣችው፤ የኦቲዝም ቁጥር ግን ከላይ እንዳየነው መጨመሩን ቀጠለ። አሉሚኒየሙን በሚመለከት፣ ዴንማርክ ውስጥ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2025 የወጣው ጥናት ኦቲዝምን ጨምሮ በ50 ሕመሞች ላይ ጭማሪ አላገኘም።

አሜሪካ አመነች ስለሚባለው። በ2008 መንግሥት ካሳ ለመክፈል የተስማማላት ልጅ የሴሎቿን ኃይል አመንጪ ክፍል የሚያውክ፣ ከተፈጥሮዋ የመጣ ሕመም የነበረባት ናት፤ የተስማሙትም ያ ሕመም ተባብሷል በሚል ነው። ወደ 5,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች «ክትባት ኦቲዝም አመጣብን» ብለው ባቀረቡት ክስ ግን ከመካከላቸው ጠንካራ ተብለው የተመረጡት ሦስት መዝገቦች በፌብሩዋሪ 2009 ሦስቱም ተሸነፉ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን ዘለለ። ኖቬምበር 2025 ላይ የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል የድረ-ገጹን ቃል መለወጡ እውነት ነው፤ «ክትባት ኦቲዝም አያመጣም የሚለው በማስረጃ የተመሠረተ አይደለም» ብሏል። ከለውጡ ጋር የመጣ አዲስ ጥናት ግን የለም። የጤና ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ራሳቸው ለውጡን ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብለዋል። በሚቀጥለው ወር የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት ኮሚቴ ማስረጃውን እንደገና አይቶ ግንኙነት የለም ሲል አጸና። ሹመት ድረ-ገጽ ይለውጣል፤ 657 ሺህ የዴንማርክ ልጆችን መልሶ አይቆጥርም።

ይህ ወሬ የት ሲያደርስ እንደታየ ለማወቅ ከጎረቤቶቻችን ሩቅ መሄድ አያሻም። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በተባለችው ግዛት የሚኖሩ ሶማሌዎች ልጆቻቸውን በደንብ ያስከትቡ ነበር፤ በ2004 ከመቶ 92ቱ ቅልቅሉን ወስደዋል። ከዚያ በልጆቻችን ላይ ኦቲዝም በዛ የሚል ሥጋት ተነሣ። ሥጋቱ የእውነት ነበር፣ የሚመልስላቸው ግን አጡ። ባዶውን ቦታ ያየ ዌክፊልድ ሚኒያፖሊስ ድረስ መጥቶ አነጋገራቸው። በ2014 የተከተቡት ከመቶ 42 ደረሱ። በ2013 የወጣው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከሶማሌ ልጆች ከ32 አንዱ፣ ከነጮቹ ከ36 አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት አሳይቶ ነበር፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው፤ ግን ማን ሰምቶ። በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰው ያዘ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ሕፃናት ነበሩ። እነሱ በቅርብ ሆስፒታል፣ አምቡላንስና ኦክስጅን ነበራቸው። ደላንታ ወይም ቦረና ወረዳ ላይ ያው 75 ልጅ ቢያዝ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ውጭ ሆነው ይህን ጽሑፍ ወደ ወሎ ዘመድ የሚልኩ ሰዎች ይህን ልዩነት ልብ አይሉትም፤ የእነሱ ልጅ ምናልባት ተከትቧል።

ኩፍኝ ሽፍታ ብቻ አይደለም። ከሺሕ ሕሙማን አንዱ ገደማ አንጎሉ ይቆጣል፤ ከሚተርፉት አንዳንዶቹ የመስማት ወይም የማሰብ ጉዳት ይዘው ይቀራሉ። የሳምባ ምች ያስከትላል፣ ቫይታሚን ኤ ያነሰውን ልጅ ያሳውራል። ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ከቤት አይወጣም፣ መርፌም አይነካውም የሚለው ልማዳችን ደግሞ ሕክምናውን ያስቀርበታል፤ ሕክምናው ላይ የመጀመሪያው ነገር ቫይታሚን ኤ ነው፣ ሁለት ቀን በተከታታይ በአፍ፦ ከ6 ወር በታች 50 ሺህ፣ ከ6 እስከ 11 ወር 100 ሺህ፣ ከዓመት በላይ 200 ሺህ ዩኒት። ሌላ የተገለበጠ ነገር እናንሣ፤ ሩቤላ ነፍሰ ጡርን ሲይዝ በሆድ ያለው ልጅ ላይ ኦቲዝም እንደሚያበዛ በ1964ቱ የአሜሪካ ወረርሽኝ የተወለዱ ልጆች ሲጠኑ ታይቷል። ኦቲዝምን ከክትባት ጋር የሚያገናኝ አንድ የታወቀ መንገድ ቢፈለግ ይኸው ነው፣ እሱም የሩቤላ ክትባት ኦቲዝምን ሲከላከል።

ክትባት ጉዳት የለውም አንልም። የለውም የሚል ሰው ቀን ጠብቆ አመኔታ ያጣል። እውነተኛው ጉዳት ግን የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ምክንያት አለው። ከኩፍኝ ክትባት ከ7 እስከ 12 ቀን በኋላ ከመቶ ልጅ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ትኩሳት ያያቸዋል፣ ጥቂቶቹ ቀላል ሽፍታ ያወጣሉ። ከ3,000 አንድ ገደማ በትኩሳቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያስደነግጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምልክት ሳይተው ያልፋል። ከሚሊዮን አንድ ገደማ በደቂቃዎች ውስጥ ከባድ አለርጂ ይነሣበታል፤ ከተከተባችሁ በኋላ ትንሽ ተቀመጡ የምትባሉት ለዚያ ነው። የቢሲጂው ቁስል መግል ይዞ ጠባሳ ሲተው ክትባቱ ያዘ ማለት ነው፣ ቅባትም ቅጠልም አይፈልግም።

ከዚህ የከፋው የሚመጣው ከአሰጣጥ ስሕተት ነው። በ2017 ደቡብ ሱዳን ውስጥ አንድ ሲሪንጅ ለአራት ቀን ክትባት መበጥበጫ ሆኖ፣ ክትባቱም ያለ ማቀዝቀዣ ከርሞ 15 ሕፃናት ሞቱ። በ2018 ሳሞአ ላይ ዱቄቱን በመበጥበጫው ፈንታ ጊዜው ባለፈ የማደንዘዣ መድኃኒት በጥብጠው ሁለት ሕፃናት ገደሉ። ሁለቱም ቶሎ የታዩ፣ ምክንያታቸው የተገኘ ጥፋቶች ናቸው። ሳሞአ ላይ ግን የክትባት ፍርሃቱ ቀጠለ፣ ተከታቢው አሽቆለቆለ፤ በ2019 መጨረሻ ኩፍኝ ገብቶ 83 ሰው ገደለ፣ አብዛኞቹ ከ5 ዓመት በታች። ሁለት ልጅ የገደለውን ስሕተት የሸሸ ሕዝብ 83 ቀበረ።

ስለዚህ የሚጠራጠር ወላጅ ጥርጣሬውን አይጣል፤ የሚጠረጠርበትን ቦታ ይለውጥ እንጂ። የክትባት ቀን እነዚህን ማየት ይቻላል፣ መጠየቅም ነውር አይደለም። ብልቃጡ ላይ ክብ አለ፣ በክቡ ውስጥ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን፤ ሠራተኞቹ ቪቪኤም የሚሉት። ሙቀት ሲነካው አራት ማዕዘኑ ይጠቁራል። ከክቡ ከነጣ ይሰጣል፤ ክቡን ከመሰለ ወይም ከበለጠው ይጣላል። ባቲ ቆላ ላይ ይህን ማየት ግድ ነው። ወረኢሉና ደላንታ ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፦ ውርጭ። ፔንታ ከቀዘቀዘ ይበላሻል፣ ቪቪኤሙ ግን አይናገርም። ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ ሲነቀንቁት ውስጡ ውሃ እስኪንኮሻኮሽ ሳይጠበቅ ክትባት መያዣው ውስጥ ከገባ ፔንታው በረዶ ሊነካው ይችላል። የተጠረጠረው ብልቃጥ ሆን ተብሎ ከቀዘቀዘ ሌላ ብልቃጥ ጋር አብሮ ይናጥና ይቀመጣል፤ ዝቃጩ እንደዚያኛው ፈጥኖ ከታች ከወረደ ይጣላል።

የኩፍኙ ብልቃጥ ዱቄት ነው። የሚበጠበጠው ከራሱ አምራች በመጣ መበጥበጫ፣ ለዚያ ብልቃጥ ብቻ በተከፈተ አዲስ ሲሪንጅ ነው። የተበጠበጠበት ሰዓት ይጻፍበታል፤ ከተበጠበጠ 6 ሰዓት ሲሞላው ወይም የዕለቱ ክትባት ሲያልቅ፣ የቀደመው ላይ፣ ቢተርፍም ይጣላል። መከላከያ ኬሚካል የለበትምና ካደረ የባንደበርጉ ነገር ይደገማል። (ጸሐፊው የጠላው ኬሚካል አለመኖሩ ነው እዚህ የሚያሰጋው።) ልጅዎን የሚወጋው መርፌ ከታሸገ ፕላስቲክ ሲወጣ ይዩ፤ አንዴ ከተጠቀሙበት ራሱን የሚቆልፍ ነው፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ካርቶኑ ሳጥን ይጣላል። በምላጭ እንጥል ሲቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ሲነቀል «ምላጩ ለማን ነበር?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው ሁሉ እዚህ ቢጠይቅ ደስ ይለናል። እዚያም ቢጠይቅ ደግሞ ይበልጥ።

«መርዙን አስወጡለት» የሚለው ምክር ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ነው። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ በ2005 ኦቲዝም ያለበት የ5 ዓመት ልጅ ሜርኩሪ ያወጣለታል ተብሎ ኢዲቲኤ የተባለ መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው፤ መድኃኒቱ ከደሙ ካልሲየሙን ለቅሞ አወጣና ልቡ ቆመ። በእኛ በኩል በኮሶም ሆነ በሌላ ማስቀመጫ ሕፃን ማስቀመጥ ያው መንገድ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አንድ ሊትር ፈሳሽ በተቅማጥ ቢያጣ ከክብደቱ አሥረኛው ሄደ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ለነፍሱ የሚያሰጋ ድርቀት ነው። የሚወጣ መርዝ ግን የለም።

ልጁ ዝም ያለባት እናት ምን ታድርግ? በ12 ወር ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በ14 ወር በጣቱ ካላመለከተ፣ በ16 ወር አንድ ቃል ካልወጣው፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ካላጋጠመ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ የያዘውን ቃል ከጣለ ቀጠሮ አይጠብቅም። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፤ ተደጋጋሚ የጆሮ መግል ያለበት ልጅ መስማት አጥቶ ኦቲዝም ሊመስል ይችላል። ከዚያ ወደ ሕፃናት ሐኪም ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይላክ። እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራ አለ፦ ልጁ የሚያየውን ነገር አብሮ ማየት፣ የሚጫወትበትን ስም መጥራት፣ በረጅም ዓረፍተ ነገር ፈንታ በአንድ ቃል መናገርና መልስ እስኪሰጥ ዐሥር ያህል ቆጥሮ መጠበቅ፣ ዳቦውን ግማሹን ብቻ ሰጥቶ ለቀሪው እንዲጠይቅ ማድረግ። የዓለም ጤና ድርጅት የወላጆች ሥልጠና በዚህ ዓይነት ነገር የተሞላ ነው፤ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። «መርፌው ነው» ተብሎ ያለፈ ዓመት ግን ይህ ሁሉ ያልተሠራበት ዓመት ነው።

ወደ 15 ወሩ መርፌ እንመለስ። በ9 ወር የሚሰጠው ከመቶ ልጅ 85ቱን ገደማ ይከላከላል። ኩፍኝን ለማቆም ከመቶ 95ቱ የተጠበቁ መሆን አለባቸው፤ የቀሩትን 15 የሚሰበስብላቸው ሁለተኛው ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውም ለዚሁ ነው። በወሎ ይህ መርፌ የሚቀርበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ጽሑፉ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያልፍ ጤና ተቋሞቻችን ተዘረፉ፣ ክትባትም ተቋረጠ፤ በዚያ ወቅት የተወለዱ ልጆች ካርድ ላይ ባዶ መስመር አለ። ሌላው ደግሞ የ10 ልጅ ብልቃጥ ላለማባከን ሲባል «ልጅ ሲሞላ ተመለሱ» ተብላ ከተራራ ወርዳ በባዶ የምትመለስ እናት ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አንድ ልጅም ቢመጣ ብልቃጡ ይከፈት ነው፤ የሚባክነው ከሚያመልጠው ልጅ ይረክሳል። እንዲህ ከተባላችሁ የሚከፈትበትን ቀን አስጽፋችሁ ሂዱ፣ የጎረቤቱንም ልጅ አስከትላችሁ ተመለሱ። 15 ወር ቢያልፍም መርፌው አይቀርም፤ ከመጀመሪያው 4 ሳምንት ካለፈ ይሰጣል። ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ የጤና ኬላው መዝገብ ላይ በእናት ስምና በጎጥ ይፈለጋል፤ ካልተገኘም እንዳልወሰደ ተቆጥሮ ይሰጠዋል፣ አንድ ተጨማሪ የኩፍኝ ክትባት ልጅ አይጎዳም።